ግማሽ ደቂቃ ትንፋሽ

ሰው ሰማንያ ዓመት ካለፈው በኋላ ምንም ቢያደርግ ይጨበጨብለታል። ከወንበር ሲነሳ ያጨበጭባሉ። ውሃ ጠጥቶ ሳይደፋ ከጨረሰም ያጨበጭባሉ። አባቴን ይዤ ካዛንቺስ አንድ ሆቴል የሄድኩ ዕለት ይህን በዓይኔ አየሁ፤ ከዚያ በፊት ጭብጨባ ለሥራ የሚሰጥ ነገር ይመስለኝ ነበር። እኔ መጋረጃ ሰፊ ነኝ። ባምቢስ አካባቢ ከእናቴ የወረስኩት ትንሽ ሱቅ አለኝ። መጋረጃ አሳምሬ ስሰቅል ያጨበጨበልኝ ሰው እስካሁን የለም፣ እኔም አልጠብቅም።

አባቴ ትራምፔት ተጫዋች ነበር። «ነበር» የምለው እሱ በሌለበት ነው፤ እሱ ፊት «ነው» እላለሁ። ወጣት ሳለ የደንብ ልብስ የሚለብስ የመንግሥት ኦርኬስትራ ውስጥ ተቀጥሮ ቀን ቀን ሰልፍ ላይ ማርሽ ይነፋል፤ ቅዳሜ ማታ ደግሞ ያንኑ መሣሪያ ወልውሎ ሆቴል ይገባና ለሚደንሱ ሰዎች ስዊንግ የሚባለውን የአሜሪካ ሙዚቃ ይጫወታል። ስዊንግን ያስተማራቸው አንድ የውጭ አገር ሰው ነው። ኖታ እየጻፈ፣ ከአሜሪካ የመጣ ሸክላ እያስደመጠ፣ አማርኛው ከስድብ ሳያልፍ፣ ቀጥ ብሎ ከመቆም ሌላ የማያውቁትን ወታደሮች ትከሻቸውን እንዲያላሉ አደረጋቸው። አባቴ ስዊንግ ምን እንደሆነ ሲጠየቅ «እየዘገዩ በሰዓቱ መድረስ ነው» ይላል። በኑሮው ግን የያዘው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው፤ ለእኔ ሠርግ እንኳ የደረሰው ምሳ ከተበላ በኋላ ነው።

ከዚያ ሁሉ ዘመን የቀረለት ጥቂት ሸክላ ነው። ሽፋኑ ላይ የዘፋኙ ፎቶ አለ፤ ጸጉሩን አበጥሮ፣ ጥርሱን አሳይቶ። ከኋላው የሚነፉት፣ የሚመቱት፣ የሚገርፉት ሰዎች ስም የትም የለም። ያኔ ደንቡ እንደዚያ ነበር። ዘፋኝ ሰው ነው፣ ሌላው ዕቃ ነው።

ከሸክላዎቹ በአንዱ፣ በአንድ የፍቅር ዘፈን መሃል፣ ዘፋኙ ዝም ይልና ትራምፔት ብቻውን ይወጣል። ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። ያ ትራምፔት አባቴ ነው። ሶሎውን ሊነፋ የነበረው የኦርኬስትራው መሪ ነበር፤ በኋላ አገር ስሙን ያወቀው ሰው። የቀረጻው ዕለት ግን ከንፈሩ ቆስሎ ደም ይመጣበት ስለነበር ወደ አባቴ ዞሮ «አንተ ንፋው» አለው። የሚቀዳው ሁሉም በአንድ ክፍል፣ በአንድ ማይክሮፎን ነው። ትራምፔቶቹ ጩኸታቸው ዘፋኙን እንዳይውጠው በሩ ጋ ይቆማሉ፤ ሶሎ ያለው ሰው ተራው ሲደርስ ወደ ማይክሮፎኑ ይጠጋል። ወለሉ ጣውላ ነው፣ አባቴ የተጫማው የወታደር ቡትስ ነው፤ እንዳይንቋቋ አወለቀውና በካልሲ ሄዶ ነፋ። አንደኛው ካልሲ ተረከዙ ላይ ቀዳዳ ነበረው። ይህን ታሪክ ልጅ ሆኜ እራት ላይ፣ ኮረዳ ሆኜ እንግዳ ፊት፣ አግብቼም ባሌ ፊት ሰምቼዋለሁ። ቀዳዳዋ ቀርታ አታውቅም።

ከዚያ ዘመኑ ተለወጠ። ሰዓት እላፊ መጣ፣ የማታ ዳንስ ቀረ። አባቴ እዚያው መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ተመደበና ብርድ ልብስ ሲያድል ጡረታ ወጣ። ትራምፔቱ የመንግሥት ንብረት ስለነበር ሲወጣ አስረከበ። የተረከበው ሰው መሣሪያውን እንደ ድስት ገልብጦ ሥሩን እንዳየው አባቴ እስከዛሬ በምሬት ያወራል። እኛ ቤት ታዲያ ትራምፔት ኖሮ አያውቅም፤ የነበረው ወሬው ነው። ያበላን የእናቴ የስፌት መኪና ነው። እናቴ ፔዳል እየረገጠች፣ ዓይኗን ከጨርቁ ሳታነሳ ያንን ሶሎ ስትሰማ ኖራ ስለሶሎው አንድም ቃል ሳትናገር አረፈች።

ባለፈው ዓመት አንድ ጺሙን ያሳደገ ጎልማሳ ቤታችን መጣ። የድሮ ሸክላ እየሰበሰበ እንደገና የሚያሳትም፣ የሙዚቃ ምሽት የሚያዘጋጅ ሰው ነው። ቂርቆስ ያለውን የቀበሌ ቤታችንን በር ጎንበስ ብሎ ገባና ኮርኒሱን፣ የተላጠውን ግድግዳ፣ የአባቴን ጫማ ሳይቀር በስልኩ ፎቶ አነሳ። ድህነት ሲያዩ «ኦሪጅናል» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እሱ ከእነሱ ነው። የመጣውም ለአባቴ አልነበረም። ከሞተ ለቆየው የኦርኬስትራ መሪ የመታሰቢያ ምሽት ሊዘጋጅለት ነው፤ አዘጋጁ የሰውዬውን ፎቶ ፍለጋ የድሮ ሰዎችን በር እያንኳኳ ነው።

«ፋዘር፣ ማለቴ፣ ከሳቸው ጋር አብረው ሠርተዋል ሲሉኝ ነው የመጣሁት» አለ። «ሌጀንድ ናቸው እኮ፣ በቃ።»

አባቴ ፎቶ እንደሌለው ነገረው። አዘጋጁ ግን በዚያ አልሄደም፤ ስልኩን አወጣና ያንን የፍቅር ዘፈን ከፈተ። ትራምፔቱ ጋ ሲደርስ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እጁን አየር ላይ እያንሳፈፈ፣ ለአባቴ ማስረዳት ጀመረ።

«ይቺን ይስሟት። እዚህ ጋ ትንፋሹን እንዴት እንደያዙት ያዩታል? ይሄ ፌክ የሚደረግ ነገር አይደለም። ሰውዬው የሆነ ሕመም ውስጥ ነበሩ።»

«እኔ ነኝ» አለ አባቴ።

«አቤት?»

«የሚነፋው። እኔ ነኝ።»

አዘጋጁ ዓይኑን ገልጦ ፈገግ አለ። ሕፃን ልጅ ሳድግ አውሮፕላን አበራለሁ ሲል የምናሳየው ዓይነት ፈገግታ ነው። «ትክክል ብለዋል፣ ፋዘር» አለው። «እሳቸው ማለት ሁላችንም ነን።»

እኔ ጥግ ተቀምጬ መጋረጃ ላይ ቀለበት እየሰፋሁ ነበር። መርፌው የት ቢሰካ እንደተመኘሁ አልናገርም።

ሊሄድ ሲል እንደገና ያሳተመውን ሸክላ ከቦርሳው አውጥቶ በስጦታ ሰጠን። ጀርባው ላይ በዚህ ጊዜ የሙዚቀኞቹ ስም ተጽፏል። አባቴ መነጽሩን አድርጎ ጣቱን እያስኬደ ዘፈኑን አገኘው፤ ከሥሩ ትራምፔት ተጫዋች ተብሎ የሰፈረው የመሪው ስም ነው። ጣቱ እዚያ ላይ ቆመ። ዕድሜ ልኩን ስሙ ሳይጻፍ ኖሯል፤ የማንም ስም ስላልተጻፈ አልከፋውም ነበር። አሁን ግን በትንፋሹ ላይ የሌላ ሰው ስም ታተመ።

ያን ዕለት እራት አልበላም። «አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሰው ፊት፣ ያ ሶሎ የእኔ ነው ይባልልኝ» አለኝ። «ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ቢባልልህ ምን ታገኛለህ?»

«ምንም። ብቻ ይባልልኝ።»

በዚያ ሶሎ ስማረር ኖሬያለሁ። ወሬው ሲጀመር ሳህን ለማጠብ የምነሳ ሴት ነኝ። ግን የገዛ አባትን ልጁ ስትንቀው ሌላ ነው፣ ባዳ ሲንቀው ሌላ ነው። በማግስቱ አዘጋጁ ጋ ደወልኩና አባቴ ያለው እውነት መሆኑን፣ ከንፈሩንም፣ ካልሲውንም፣ ሁሉንም ነገርኩት። እሱም ለእውነቱ ሳይሆን ለታሪኩ ጓጓ። «አሪፍ ስቶሪ ነው፣ ማዘር» አለኝ። በመታሰቢያው ምሽት አባቴን መድረክ ላይ ሊያወጣው፣ ትንሽ እንዲነፋ ሊያደርግ፣ ከዚያም በሰው ሁሉ ፊት ስለሶሎው ሊጠይቀው ተስማማን። ለመለማመጃ ትራምፔት በውሰት አመጣ።

አባቴ ትራምፔት ከጨበጠ ዘመን አልፏል፤ የላይኛው ጥርሱም ሰው ሠራሽ ነው። ሲነፋ ጥርሱ ይንሸራተታል፣ ጥርሱ ሲንሸራተት ድምፁ ይሰበራል። ስለዚህ እንደ ወጣትነቱ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ አንድ ድምፅ ትንፋሽ እስኪያልቅ እየያዘ፣ ከንፈሩን ሊያጠነክር ወሰነ። ጠዋት ሲል ደግሞ ገና ሳይነጋ ማለቱ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ገና ሳይነጋ፣ ሠፈር መሃል፣ ረጅም ጥሩምባ ሲነፋ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም አይጠፋውም። ሰው ሞቷል ማለት ነው። የእድሩ ለፋፊ ጥሩምባውን ነፍቶ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይናገራል። የእኛ እድር፣ ካዛንቺስ ከፊሉ ፈርሶ እዚያ የነበሩት አባላቱ ከተበተኑ ወዲህ፣ መርዶውን በስልክ ነው የሚልከው፤ ጥሩምባ የሚነፋው ለመሥራች አባል ብቻ ነው። አባቴ ይህን አሳምሮ ያውቃል። እሱ የሚነፋው ትራምፔት ስለሆነ ግን ሰው ልዩነቱን ይሰማል ብሎ አሰበ። ሙዚቀኛ ሲባል ሰው ሁሉ እንደሱ ጆሮ ያለው ይመስለዋል።

በመጀመሪያው ጠዋት የግቢው በር ሲንኳኳ ነቅቼ ወጣሁ። ግቢው በሰው ሞልቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አንዷ ጎረቤታችን ገና በሩን ሳታልፍ ደረቷን እየደቃች ታለቅሳለች። ወንዶቹ የእድሩን ድንኳን ብረት ተሸክመው የት እንደሚተከል ይነጋገራሉ። ድምፁ ከእኛ ቤት መጥቷል፣ በሠፈሩ ከመሥራች አባላት የቀረውም አባቴ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ማን ሞተ ብሎ መጠየቅ ለማንም አላስፈለገውም። አባቴ በፒጃማ፣ ትራምፔቱን ይዞ ብቅ ሲል ወንዶቹ ብረቱን መሬት ላይ ጣሉት። ጎረቤታችን ግን ልቅሶዋን ወዲያው አላቆመችም። ከጀመረችው በኋላ መመለስ አቅቷት ይሁን መትረፉ ቅር ብሏት አላውቅም።

የእድሩ ዳኛ እዚያው ግቢያችን ውስጥ ችሎት ተቀመጠ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል ሰው ነው።

«ጋሼ፣ ያለ እድሩ ፈቃድ ጥሩምባ መንፋት በደንባችን ያስቀጣል» አለ።

«ይሄ ሙዚቃ ነው» አለ አባቴ።

«ሙዚቃ ከሆነ ቀን ይንፉት። በዚህ ሰዓት የሚነፋ ሙዚቃ የለም።»

«ማንም ባለመሞቱ ደስ አይልዎትም እንዴ?» አልኩት እኔ።

«ደስ ይላል እንጂ፣ እህቴ። ግን ድንኳኑን ማን ሊመልሰው ነው?»

የጨነቃቸው ድንኳኑ ነበር። ከመጡት ሁሉ አንድ ሰው እንኳ «ምን እየተለማመዱ ነው?» አላለም። ለሞቱ ይህን ያህል ፈጥኖ የተነሳ ሠፈር፣ አባቴ በሕይወት ሳለ የነፋውን ለመስማት ከአልጋው ወርዶ አያውቅም። ያን ቀን ሙሉ ትራምፔቱን አልነካውም። ያስከፋው ቅጣቱ አልነበረም፤ ለፋፊ ማድረጋቸው ነው።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ መስቀል አደባባይ እወስደው ጀመር። ሯጮች ደረጃውን ይወጣሉ ይወርዳሉ፤ አባቴ አንድ ጥግ ይዞ ይነፋል፤ እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ የማላውቃቸውን ሰዎች ጤና እታዘባለሁ። እዚያም ከስልክ አልዳንም። የስፖርት ልብስ የለበሱ ወጣቶች ሩጫቸውን እያቋረጡ ይቀርጹታል፣ ጎኑ ቆመው ጣታቸውን ቀስረው ፎቶ ይነሳሉ። አንዲቷ የቀረጸችውን አምጥታ አሳየችኝ። አባቴ ጉንጩን ነፍቶ ይታያል፤ የሚሰማው ግን የሌላ ዘፋኝ ዘፈን ነው፤ የእሱን ድምፅ አጥፍታ ያንን ጭናበታለች።

«አያምርም፣ ማዘር?» አለችኝ።

«እሱስ የታለ?»

«ይኸው እኮ፣ መሃል ላይ ያሉት።»

አልተጣላኋትም። ከስንቱ ጋር ተጣልቼ እዘልቃለሁ?

ሆኖም አንድ ነገር መመስከር አለብኝ። አባቴ እየተሻለው ሄደ። ጥርሱን በማጣበቂያ እያጠበቀ፣ እያረፈ፣ እየተሳደበ፣ የሶሎውን አብዛኛውን ማውጣት ቻለ። ከፍ ያለችው አንዷ ድምፅ ብቻ እምቢ አለችው። አንድ ጠዋት እሷን ትቶ፣ ዙሪያዋን እየዞረ፣ ሲዘገይ የቀረ መስሎ እየደረሰ ሲነፋ ሰማሁት። ስሸሸው የኖርኩት ወሬ ይህ ነው እንዴ ብዬ ደነገጥኩ። ቆንጆ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ይዞ ብርድ ልብስ ሲያድል መኖሩ አናደደኝ፣ ሆዴም ባባ። ለእሱ ግን አልነገርኩትም፤ ከተመሰገነ ወሬው እንደሚረዝም አውቃለሁ።

የመታሰቢያው ምሽት ደረሰ። ሆቴሉ ውስጥ ገብቼ መጀመሪያ ያየሁት መጋረጃውን ነው። ርካሽ ጨርቅ፣ ከመስኮቱ የጠበበ፣ ከወለሉ ያጠረ። በዚያ ቤት ምንም ነገር በልኩ እንደማይሠራ ያኔውኑ ገባኝ። አዳራሹን የሞሉት ባርኔጣ ያደረጉ ወጣቶች፣ ስለ አማርኛ ዘፈን በእንግሊዝኛ የሚከራከሩ ሰዎችና ማንን ሊያከብሩ እንደመጡ ከግድግዳው ላይ አንብበው የሚረዱ እንግዶች ናቸው። የፊተኛው ወንበር ላይ የመሪው ባለቤት ተቀምጠዋል። ነጭ የአገር ልብስ የለበሱ፣ ከአባቴ ብዙም የማያንሱ አሮጊት ናቸው። አዘጋጁ የባላቸውን ፎቶ ከእሳቸው አግኝቶ በትልቅ ፍሬም አሠርቶ ጉልበታቸው ላይ አስይዟቸዋል። ፍሬሙ ይከብዳል፤ ሴትዮዋ በየጊዜው እጃቸውን ይቀይራሉ፤ ጠረጴዛ የሚያመጣላቸው የለም።

አዘጋጁ ረጅም ንግግር አደረገ። ከዚያ ሸክላው ተከፈተና ሶሎው ሲሰማ አዳራሹ ጮኸ። አባቴ ከጎኔ ጣቶቹን ጭኑ ላይ እያንቀሳቀሰ ነበር። ወዲያው «የሌጀንዱ የቅርብ ጓደኛ» ተብሎ ተጠራ። ሲነሳ አጨበጨቡ። ደረጃውን ሲወጣ አጨበጨቡ። ትራምፔቱ ውስጥ የተጠራቀመውን ምራቅ ሲያራግፍ እንኳ ከኋላ አንዱ አፏጨለት። ከዚያ ነፋ። መጀመሪያው ጥሩ ነበር፣ መስቀል አደባባይ እንደሰማሁት። ከፍ ያለችው ድምፅ ጋ ሲደርስ ሊሸሻት ይችል ነበር፤ ሰው ፊት መሆኑ አታለለውና ሞከራት። የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። ሰዉ ሁሉ ከመቀመጫው ተነስቶ አጨበጨበ። ለከሸፈው ይበልጥ ጮኹ። አባቴ ትራምፔቱን ዝቅ አድርጎ፣ የሰደቡትን ሰዎች ስድባቸውን እስኪጨርሱ እንደሚጠብቅ ሰው ቆመ።

አዘጋጁ ማይክሮፎኑን ይዞ ተጠጋው። «ፋዘር፣ እዚህ ሶሎ ላይ የሆነ ምስጢር አለ ሲባል ሰምቻለሁ። እስቲ ይንገሩን። የነፋው ማን ነበር?»

ይኸው ሰው ተሰብስቧል፣ ጥያቄው ተጠይቋል፣ ከአባቴ የሚጠበቀው አንድ ቃል ነው። አባቴ ቁልቁል አየ። እዚያች ፊተኛ ወንበር ላይ ሴትዮዋ የባላቸውን ፎቶ ደረታቸው ላይ አስደግፈው ሽቅብ ያዩታል።

«እሱ ነዋ» አለ አባቴ። «ሌላ ማን ሊሆን ይችላል?»

በዚህም አላበቃ። ይሉኝታ የያዘው ሰው በልክ መስጠት አያውቅም። «ያን ዕለት ከንፈሩ ቆስሎ ነበር» ብሎ ቀጠለ። «ደሙን በመሐረብ እየጠረገ ነው የነፋው። ቡትሱ እንዳይንቋቋ አውልቆ፣ በካልሲ ሆኖ።» ካልሲውን ሳይቀር ሰጠው። ያስቀረው ቀዳዳዋን ብቻ ነው። አዳራሹ ውስጥ ሰው ሁሉ ደረቱን ያዘ፤ ሴትዮዋ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ አዘጋጁ ወደኔ ዞሮ ትከሻውን ሰበቀ። ያን ጊዜ ከዚያ ቤት ማንን አብልጬ እንደናቅኩ ብጠየቅ አባቴን ነው። ይሉኝታ ሲሉት ጨዋነት ይመስላል እንጂ፣ የራስን ንብረት ከገዛ እጅ ቀምቶ ለሰው የሚያስረክብ በሽታ ነው። ለንብረት ክፍል ትራምፔቱን አስረከበ፤ ለእነዚህ ደግሞ ትንፋሹን አስረከበ።

ሰዎች አባቴን ከብበው ፎቶ ሲነሱ እኔ ካፖርቱን ላመጣ ወጣሁ። በሩ ጋ ሴትዮዋ እጄን ያዙኝ። ፎቶውን ወንበር ላይ ትተውት መጥተዋል።

«የሱ ልጅ ነሽ አይደል?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«የነፋው አባትሽ መሆኑን አውቃለሁ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ያ ሶሎ። ባለቤቴ ሸክላው በተከፈተ ቁጥር ይነግረኝ ነበር። እኔ ብነፋው ኖሮ እንዲህ አያምርም ነበር ይል ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም? የሸክላው ጀርባ ላይ የታተመውንስ አላዩትም?»

«አይቼዋለሁ። ግን እነዚህ ልጆች ለፍተው፣ ባሌን ሊያከብሩልኝ ያን ሁሉ ሰው ጠርተው፣ እኔ ሚስቱ ተነስቼ እሱ አይደለም ልበል? ዛሬ አባትሽ ሲናገር እኔም እመሰክራለሁ ብዬ ነበር። አባትሽ ራሱ ባሌ ነው የነፋው ካለ በኋላ ደግሞ፣ የኔ ልጅ፣ ትልቁን ሰውዬ በሰው ፊት ውሸታም ላድርገው?»

እጄን ሳሙኝና ሄዱ። አባቴ ለእሳቸው ብሎ ዋሸ፤ እሳቸው ለእሱ ብለው ዝም አሉ፤ በመካከሉ እውነቱ ባለቤት አጣ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የማይነቅዘው ለዝምተኛው ነው፤ ሌላው ነገር ሁሉ ነቅዞ ያልቃል።

ታክሲ ውስጥ እስክንገባ ታገስኩ። «ምን ሆነህ ነው?» አልኩት። «ዓመቱን ሙሉ ይባልልኝ ስትል ከርመህ።»

«ባሏን ሊዘክሩላት መጥታ፣ ፎቶውን ታቅፋ» አለ። «ምን ብዬ? ባልሽ ያልነፋውን ነው የምታለቅሺለት ልበላት?»

«ታውቃለች» አልኩት። «ሁሉንም ታውቃለች። እሱ ነግሯታል። እኔ ብነፋው እንዲህ አያምርም ነበር ይል ነበር አለችኝ።»

አባቴ ወደኔ ዞረ። «እሱ? እንደዚያ አለ?»

«ሸክላው በተከፈተ ቁጥር።»

«እስቲ ድገሚው።»

ደገምኩለት። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ድገሚው አለኝ። ሹፌሩ በመስታወት እያየን ነበር። ቂርቆስ እስክንደርስ ያችኑ ዓረፍተ ነገር ስደጋግምለት፣ አባቴ እንደ ሸክላ እያስደገመኝ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። «እነሱ ካወቁማ ይበቃኛል» አለ በመጨረሻ።

«ለእኔ ግን አይበቃኝም» አልኩት። «እጽፈዋለሁ። በጋዜጣ ይሁን በመጽሐፍ አላውቅም፤ ግን የማን ትንፋሽ እንደሆነ እጽፈዋለሁ።»

«ጻፊ» አለኝ። «ስም ግን እንዳትጠሪ። ሴትዮዋ ታነበዋለች።»

«የእሱን አልጠራም። የአንተን ብቻ።»

«የእኔን ከጠራሽ የእሱን ማን ያጣዋል?»

በልቤ፣ አንተ ተሸነፍ እንጂ እኔ አልሸነፍም፣ የይሉኝታ ዘር ከአንተ ጋር ይብቃ ብዬ ፎከርኩ። ይኸው አሁን ጻፍኩት። የአባቴን ስም ከነአያቱ ጽፌው ነበር፤ የዘፈኑንም ርዕስ ከሥሩ። ከዚያ ሴትዮዋ መነጽራቸውን አድርገው፣ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ሲያነቡት ታዩኝና አጠፋሁት።